የመሪ ልብስ

ጥር 3

ልጄ በአስተማሪነት የተመደበችበት ትምህርት ቤት ከቤታችን አርባ አንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ጥር 5

ጠዋት ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ የሚደርሰው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። የሚመለሰው ደግሞ ትምህርት ሳያልቅ ይነሳል። ሰዓቱን ያወጣው ሰው ተማሪ ሆኖ አያውቅም አለች ልጄ። እዚያው ቤት ልከራይ ወይ ስትለኝ ወሬ ቀየርኩ። እሷ ከሄደች የምንቀረው እኔና የስፌት ማሽኔ ነን። ዛሬ ጠዋት "መኪና ይሻላል" ያልኩት እኔ ነኝ። ይህ ይጻፍ።

ጥር 9፣ እሑድ

ደብተር ይዛ መጣች። አንደኛ ክፍል ስለምታስተምር ሁሉን ነገር በመስመርና በሳጥን ነው የምታስበው። በአንዱ ሳጥን ዋጋ፣ በአንዱ ነዳጅ፣ በሦስተኛው "ግጭት" ብላ ጽፋለች። መኪና ሆን ብለው ከግንብ ጋር እያጋጩ የሚፈትኑ ሰዎች አሉ አለችኝ፤ ከፈተናው በኋላ ለመኪናው ኮከብ ይሰጡታል። በስልኳ አሳየችኝ። የሰው ቁመት ያለው አሻንጉሊት ሹፌር ወንበር ላይ ታስሮ ተቀምጧል። መኪናው ግንቡን ሲመታ መሪው መሐል ያለው ኤርባግ ይፈነዳል፣ አሻንጉሊቱ ፊቱን ይቀብርበታል። አቀዝቅዛ ስታሳየኝ ትራስ ላይ የሚተኛ ሰው ይመስላል። ቀጥላ ኤርባግ የሌለውን አሳየችኝ። እሱን እስከ መጨረሻው አላየሁትም።

"ኮከብ የሚቆጠረው ለሆቴል ነው" አልኳት።

ሳቀች። ሳጥኑን ግን አልሰረዘችውም።

ካየናቸው ሁሉ ሁለት መኪና ቀርተዋል። ነጯ አምስት ኮከብና ስድስት ኤርባግ አላት፤ ያለንን ሁሉ አሟጠን ሲሶው ይጎድላል። ግራጫዋ ሦስት ኮከብና ሁለት ኤርባግ፤ ገንዘባችን ይበቃታል፣ ለአዲስ ጎማም ይተርፋል። ልጄ ነጯ ላይ ክብ አደረገች። ከዚያ የኔን ፊት አይታ ግራጫዋም ላይ ክብ አደረገች።

ጥር 11

የተጋጩ መኪኖች የሚያድሰው ላሜራ ቀጥቃጭ ሦስት መሪ በማዳበሪያ ከረጢት ጥሎልኝ ሄደ። እስከ ሐሙስ ይፈልጋቸዋል። ሁለቱ ያለቁ ናቸው፤ ቆዳቸው በእጅ ላብ ተልጧል። አንዱ ኤርባጉ የፈነዳ ነው። የፈነዳውን ቆርጠው አውጥተውታል፤ አዲሱ ውድ ስለሆነ ማንም አይተካውም። የተቀደደውን የክላክስ ክዳን በማጣበቂያ ሞልተው ልከውልኛል። እኔ ስስ ስፖንጅ አስገብቼ ቆዳ አለብሰዋለሁ፣ ዙሪያውን እሰፋዋለሁ፣ ከታች በኩል ክሩን እቋጥራለሁ። የምቋጥረው ወደ ግራ ነው። የቀኝ አውራ ጣቴን ጫፍ ማሽን ከወሰደው ወዲህ እንደ ሰው ወደ ቀኝ መቋጠር አልቻልኩም።

ከየትኛው መኪና እንደመጣ አልጠይቅም። በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ወደኔ የሚመጣው መሪው እንጂ መኪናው አይደለም። ከሥሩ ያለው የመካኒክ ነው። እኔ የምሠራው ላዩን ነው።

ጥር 14

እናቷ ደወለች። ከተለያየን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ የምትደውለው ለልጅቷ ነገር ብቻ ነው። አሁን የምትኖረው የሕንፃ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ጋር ነው። ልጅቷ ስለ ሁለቱ መኪኖች ነግራታለች። ነጯን ግዙ፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ አለች።

እኔ ማለቷ እሱ ማለቷ ነው። ሚስማር ሻጩ።

የሰው ኪስ አይቼ አላውቅም፣ አሁንም አላይም አልኳት። ልጄ አባት አላት አልኩ። ከዚያ ወዲያ የተናገርኩት እዚህ አይጻፍም። እሷ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ያለችው ግን ይኸው፦

"አንተ ኩራትህን ንዳ። ልጄን ግን እላዩ ላይ አታሳፍራት።"

ጥር 15

ስለ ስልኩ ለልጄ አልነገርኳትም። ስድስት ኤርባግ ምን ይሠራል፣ ሰው ያለው አንድ ፊት ነው አልኳት። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ኮከብ ትርፍ ነው አልኳት።

"ቀስ ብሎ የማይነዳውስ ሲመጣብኝ?" አለች።

ሻይ ልጣድ ብዬ ተነሳሁ።

ጥር 17

ግራጫዋን ሄደን አየናት። ደላላው ቀጭን፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። "ጋሼ፣ ይቺ እኮ ነርስ የነዳቻት መኪና ናት" አለኝ። ልጄ አስተማሪ መሆኗን ሲሰማ ነርሷ አስተማሪ ሆነች። "ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት። ጉድጓድ አይታ አታውቅም።"

ልጄ ደብተሯን ይዛ እየዞረች ጠየቀች። ተጋጭታ ታውቃለች ወይ? በጭራሽ። ኤርባጎቹ አሉ ወይ? እንደ ፋብሪካቸው። ቁልፉን አዞረች፤ የኤርባጉ መብራት በራ፣ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ያነበበችው እንደዚያ ነው፤ በርቶ ከጠፋ ደህና ነው። ሳጥኑ ውስጥ ምልክት አደረገች። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ የሞተር ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ እሷ ሊብሬውን ይዛ ፊት ለፊቴ ቆማ ተከተለችኝ። አሥራ አንዱም አሃዝ ልክ መጣ።

ከዚያ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ አልተቀደደም። የጣሪያው ጨርቅ አልረገበም። መሪው ቆዳ ለብሷል፤ ሥራው ንጹሕ ነው። እጄን በዙሪያው አዞርኩ። መነጽሬን ሱቅ ረስቼ ስለሄድኩ በደንብ አላየሁትም።

"አባዬ፣ እንዴት ናት?" አለች በመስኮቱ ጎንበስ ብላ።

ደላላው እያየኝ ነው። እሷም እያየችኝ ነው።

"ንጹሕ ናት" አልኳት።

ጥር 20

ተገዛች።

ጥር 24

ልጄ አጭር ናት፤ በዚህ በእናቷ ወጥታለች። መኪናዋ ውስጥ ስትቀመጥ ከመሪው በላይ የሚታየው ግንባሯ ብቻ ነው። ከተረፈ ጥቁር ቆዳ የመቀመጫና የጀርባ ትራስ ሰፋሁላት። የጀርባውን ወፈር አደረግሁት፤ እግሯ ፍሬን እንዲደርስ ወደ ፊት ይገፋታል። አሁን መሪውን እቅፍ አድርጋ ነው የምትነዳው። ደስ አላት። ሌላ አባት ቢሆን ከሱቅ ገዝቶ ይሰጥሽ ነበር አልኳት፤ ሌላ አባት ቢሆን ዋጋውን ይነግረኝ ነበር አለች።

የካቲት 2

ጠዋት በሱቄ በር ስታልፍ ሁለቴ ክላክስ ታደርጋለች። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ "ሚኒስትሯ አለፈች" ይላል። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ሌላ ሁለት። ያ ሁለተኛው እስኪሰማ ድረስ መርፌ እጄ ላይ አይረጋም። ጫማ ሰፊው ገብቶታል፤ ትንሽ ከዘገየች ወሬ ያመጣልኛል።

የካቲት 8

መሪ የሚለብሰው ሁሉ የፈነዳ አይደለም። ካሥሩ ስምንቱ ያለቀ ነው። ቆዳው የተላጠ፣ ባለቤቱ ያስጠላው። እንዲሁ ለመጻፍ ያህል ነው።

የካቲት 13

ላሜራ ቀጥቃጩ ኤርባጉ የፈነዳ ሌላ መሪ ይዞ መጣ። ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። ሱቁን ዞር ብሎ አየ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው አንድ የሞተር ሳይክል ኮርቻ ነው። ምን ነካህ አለኝ፤ አንተ ካልሠራኸው ሌላው ይሠራዋል። ልክ ነው፣ ይሠራዋል። ተቀበልኩት።

ከየት ነው የሚመጣው ብዬ ጠየቅሁት። በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

"ከመኪና" አለኝ።

የካቲት 14፣ እሑድ

ልጄ መኪናዋን ስታጥብ ቁልፉን ተቀብያት ገብቼ ተቀመጥኩ። መሪውን ዞር ብሎ ከሥር ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ክዳኑን በሁለት ጣት ቀና ማድረግ ብቻ ነው። ሬዲዮውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ወረድኩ።

"ምን ፈልገህ ነው?" አለች ከነባልዲዋ።

ትራሱ ይመች እንደሆነ ልይ ብዬ ነው አልኳት። ይመቻል አለች። ጀርባዋን እንደ ሰው ነው የሚደግፋት። እንዲህ ስትል እጇ አረፋ በአረፋ ነበር።

ብነግራት ምን ልነግራት ነው? የማላውቀውን? ቢሆንስ? መኪናዋ ተሸጣ ያንኑ ዋጋ አታወጣም። ወደ እናቷ እንሂድ ልበል? በሚቀጥለው ሳምንት ላሜራ ቀጥቃጩን በዘዴ እጠይቀዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት።

የካቲት 26

ሁለት ሰዓት ተኩል። ትምህርት ቤቱ ደወለ። አልደረሰችም።

አንድ የማላውቀው ሰው በስልኳ ደወለ። መጋጠሚያው ላይ ነን አለ። ፒክአፕ ከጎን መንገድ ሳያይ ገብቶ።

ትተነፍሳለች አለ።

በሩን ሳልቆልፍ ስወጣ ጫማ ሰፊው "ዛሬ ክላክሷን አሳጠረችው፣ ተጣልታችሁ ነው?" አለኝ። ወሬውን ገና አልሰማም ነበር።

የካቲት 27

ቀዶ ሕክምና ክፍል። አምስት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። እናቷ በኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ፣ እኔ ወዲህኛው ጫፍ።

የካቲት 29

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ወረቀት ላይ አንገት ስላ አስረዳችን። ቀበቶዋን አስራ ነበር፣ ያተረፋትም እሱ ነው። ግን ለመሪው በጣም ቀርባ ተቀምጣ ነበር። ወደ ፊት ስትወረወር ጉሮሮዋ መሪውን መታ፤ ማንቁርቷ ተሰብሯል። አሁን የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በገባ ቱቦ ነው። ድምፅዋ ይመለስ ይሆናል። እንደ ድሮው ግን አይሆንም።

ፖሊሱም መጥቶ ነበር። ፍጥነቷ አርባ እንኳ አይሞላም ነበር አለ፤ እንዳልኳት ቀስ ብላ ነበር የምትነዳው።

"ሥራዋ ምንድን ነው?" አለች ሐኪሟ።

"ለሕፃናት ፊደል ታስቆጥራለች" አልኩ።

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

መጋቢት 2

ነቃች። ነርሷ ትንሽ ነጭ ሰሌዳና እስክሪብቶ ሰጠቻት። ፊደሏ ያው የአስተማሪ ፊደል ነው፣ ቀጥ ያለ።

መጀመሪያ የጻፈችው፦ "መኪናዋስ?"

በእጅጌዋ አጥፍታ፦ "ኮከቦቹን ቆጠርኳቸው። አምስት ናቸው።"

ልትስቅ ሞከረች። ከቱቦው ፉጨት ወጣ፤ ራሷ ደነገጠች።

ከዚያ ረጅም ጊዜ ወስዳ ጻፈች፦ "ይቅርታ አባዬ። ገና ሁለት ወር አልሞላትም ነበር።"

ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ውሃ መጠጣት እንደማትችል በር ላይ ትዝ አለኝ።

መጋቢት 5

ዕቃዋን ልወስድ ወደ ትራፊክ ፖሊስ ግቢ ሄድኩ። ግራጫዋ ጥግ ላይ ቆማለች። አፍንጫዋ ታጥፎ ገብቷል። ሹፌሩ የሚቀመጥበት ቦታ ግን አልተጨፈለቀም፤ በሩ እንኳ ተከፍቶ ይዘጋል። ሰው እንዲተርፍበት የተሠራ ቦታ ነው። ሦስት ኮከብ ለካ ይህን ያህል ነው፣ ትንሽ አይደለም።

የክላክሱ ክዳን ለሁለት ተሰንጥቆ በቆዳው ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ባዶ ጉድጓድ ነው። ካርቶን አጣጥፈው ጠቅጥቀውበታል።

ክዳኑን ገልብጬ አየሁት።

የተማሪዎቿን ደብተሮች፣ ጃንጥላዋንና አንድ እግር ጫማ ወሰድኩ። ትራሶቹን እዚያው ተውኳቸው።

መጋቢት 6

ሱቅ አልከፈትኩም።

መጋቢት 7

መነጽሬን አልያዝኩም ነበር።

መጋቢት 9

የመርማሪው ወረቀት መጣ። እናቷ አልጋው አጠገብ ቆማ እያንዳንዱን ቃል አነበበችው። ኤርባጎቹ የሉም፤ ቀድሞ በደረሰ ግጭት ፈንድተው ወጥተዋል። የማስጠንቀቂያው መብራት ሽቦ ከዘይቱ መብራት ጋር ታስሯል፤ አብሮ በርቶ አብሮ እንዲጠፋ። መሪው ጉዳቱ እንዳይታወቅ በባለሙያ እጅ ተሸፍኗል። "በባለሙያ እጅ" የሚለውን ሁለቴ አነበበችው።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ሆስፒታል ነው።

"አንተ ዕድሜህን መሪ ስታለብስ ነው የጨረስከው። ሌላው ባያይ፣ አንተ እንዴት አላየኸውም?"

ልጄ በእስክሪብቶው ጫፍ ሰሌዳውን ቆረቆረች። ክፍል ውስጥ ስትሆን ጠረጴዛውን እንደዚያ ነበር የምታደርገው፤ ዝም በሉ ማለቷ ነው። ጻፈች፦

"መነጽሩን አልያዘም ነበር።"

ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት። ሰሌዳውን ወደ እናቷ አዙራ፣ እጇ እስኪደክም ያዘችው።

እናቷ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

መጋቢት 12

እናቷ ሱቄ መጣች። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቆዳዎች አየች፣ ማሽኑን አየች፤ ያው ነው አለች፣ ምኑ እንደሆነ ሳትናገር። ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ የክላክሱን ክዳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፖሊሱ አስፈርሞ ሰጥቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻጩ እኔም እንዲሁ ነው የገዛኋት ይላል። የደላላው ስልክ ተዘግቷል። ጠበቃው፣ የባሏ ዘመድ ነው፣ መሪውን የሰፋውን ሰው ፈልጉ አለ። እሱ ማን እንዳመጣለት ይናገራል፤ ከዚያ ክሩ እየተተረተረ ይሄዳል። በዚህ ከተማ መሪ የሚያለብሱ ካንተ ሌላ አራት ናቸው አለችኝ። ስማቸውን በራሷ እጅ ጽፋ ነው የመጣችው። "ለኔ አይነግሩኝም። አንተ የሙያ ባልደረባቸው ነህ፣ ላንተ ይነግሩሃል። ሥራውን አሳያቸው፤ የሰፊ እጅ እንደ ሰው ፊት ነው ትል አልነበር ድሮ?"

ብዬ ነበር። ስንጋባ።

በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። "ማሰሩን ማሳሰሩን ተወው። አንድ ጊዜ እጁን ማየት ነው የምፈልገው" አለች።

እጄ ጠረጴዛው ላይ፣ ክዳኑ አጠገብ ነበር። አነሳሁት።

መጋቢት 14

ለምን አልነገርኳትም? በሩን ዘግታ እስክትሄድ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ከዚያ በኋላም ሮጬ መድረስ እችል ነበር፤ ጫማዋ ያንቀራፍፋታል። አልሮጥኩም። ክዳኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ አውጥቼ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ መልሼ መሳቢያ ውስጥ።

ባለፈው ክረምት የሠራሁት ነው። ቆዳውን አስታውሰዋለሁ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ እንከን ነበረበት፣ ወደ ውስጥ አጥፌ ደበቅሁት። እንከኑን ለመደበቅ ያን ያህል ተጨንቄ ነበር። ከሥሩ ስላለው ጉድጓድ አልተጨነቅሁም።

መጋቢት 16

ላሜራ ቀጥቃጩ ከረጢቱን ይዞ መጣ። ሳላስፈታው መለስኩት። ልጅህ ትሻላለች ወይ አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

መጋቢት 18

የመጀመሪያው ሱቅ። ባለቤቱ ክዳኑን እያገላበጠ ጥሩ እጅ ነው አለ። እኔ ብሆን ለማይታይ ነገር እንዲህ አልደክምም አለ። የማን እንደሆነ አላውቅም አለ። አመሰገንኩት።

ሁለተኛው አላየውም አለ። ፖሊስ ያለበትን ነገር እጄ አይነካም፣ ልጆች አሉኝ አለ።

ለእናቷ ደውዬ ሁለቱም አላወቁትም አልኳት። እውነት ነው፤ አላወቁትም።

መጋቢት 21

የክፍሏ ልጆች አንብበው ድምፃቸውን በስልክ ልከውላታል። አልጋው ላይ አስቀምጠን ሰማን። ትጨርሳለች ስል መልሳ ትከፍተዋለች። አንዱ ልጅ እየተንተባተበ አንድ ቃል ላይ ተሰናከለ፤ ሦስት ጊዜ ሞከረው፣ ሦስቴም ሳተው። ልጄ አፏን ከፈተች። ቃሉን ከንፈሯ ላይ አየሁት። ምንም አልወጣም። ቱቦው ብቻ ነፋ።

ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ቆይታ ሰሌዳውን አነሳች፦ "እማዬን ተይው በላት። ፒክአፑን የነዳው ይበቃል። ሰፊውን ተዉት።"

ለምን አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ለምን እንዲህ እንዳለች አልገባኝም። ደግሞ ስለ ኤርባጉ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ሁሉን ነገር የምትጠይቅ ልጅ።

መጋቢት 27

ቱቦውን ለአፍታ ደፍነው አስሞከሯት። የወጣው ድምፅ አይደለም፤ ወረቀት ሲቀደድ ነው። "አባ" ለማለት ነበር የሞከረችው። ነርሷ አጨበጨበች። እኔም አጨበጨብኩ።

ሚያዝያ 1

የምጽፈው ፌርማታ ላይ ተቀምጬ ነው። የምጠብቀው ወደ ሆስፒታል የሚሄደውን አውቶቡስ ነው። ሆስፒታሉ እናቷ በጻፈችው ዝርዝር ላይ የለም።

ሦስተኛው ሱቅ የአለቃ ነው። መርፌ ያስያዙኝ፣ ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው በሞራ ጠፍቷል፤ ሱቃቸውን ግን አልዘጉም፣ ልጃቸው ይሰፋል፣ እሳቸው በጣታቸው ያርማሉ። ልጃቸው ዛሬ አልነበረም። ወደዚያ ሱቅ ላለመሄድ ሁለት ሳምንት ፈጅቻለሁ። ዛሬ ጠዋት እናቷ ደውላ የቀሩት ሁለቱ ምን አሉ አለችኝ፤ ልሄድ ነው አልኳት።

በድምፄ አወቁኝ። ስለ ልጄ ሰምተዋል፤ እግዜር ይማርልህ አሉኝ፣ ወንበር አስጠጉልኝ። ክዳኑን እጃቸው ላይ አኖርኩት።

"አለቃ፣ የማን እጅ ይመስልዎታል?"

ጠርዙን ተከትለው በአውራ ጣታቸው ሄዱ። ከታች፣ ክሩ የሚያልቅበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ትንሽ ተመለሱ፤ እንደገና ደረሱበት።

"አንተ ልጅ፣ የራስህን ሥራ ይዘህ መጥተህ ማን ሠራው ትለኛለህ?" አሉ።

የቀለድኩባቸው መሰላቸው፤ ሳቁ። "ይሄን የግራ ቋጠሮ ዕውርም ያውቀዋል። ይኸው፣ አወቀው።"

ሳቃቸው መሐል ላይ ቆመ። ጣታቸው ስንጥቁን አግኝቶት ነበር። ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

"ምን መትቶት ነው?"

"ሰው" አልኩ።

ክዳኑን በጣም ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ውሃ ላምጣልህ ብለው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ጓዳ ገቡ።

ብቻዬን ቀረሁ። ዕውር በጣቱ አወቀው። እኔም በጣቴ ነው ያወቅሁት፤ ጥር 17፣ ሹፌር ወንበር ላይ፣ እጄን በመሪው ዙሪያ ሳዞር። ከታች ስደርስ ጣቴ ቆመ። ልክ እንደሳቸው ተመለሰ፣ እንደገና ደረሰበት። "ያለቀ መሪ ይሆናል" አልኩ ለራሴ። እሷ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ እንዴት ናት አለችኝ።

ደግሞ መነጽሬ። መነጽሬ ሱቅ አልቀረም። ያለ መነጽር የገዛ ስሜን አላነብም፤ አሥራ አንድ አሃዝ ጮክ ብዬ አንብቤያለሁ። ከዚያ አውልቄ ደረት ኪሴ ከተትኩት። እዚህ ደብተር ላይ ረሳሁ ብዬ ጻፍኩ፣ ቤት ስንገባም ለሷ እንደዚያው አልኳት። እሷ ግን ሊብሬውን ይዛ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር። ዓይን ለዓይን። መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አይታዋለች።

አይታዋለች። ሰሌዳው ላይ ያንን ስትጽፍ፣ ሁለቴ ስታሰምርበት፣ እጇ እስኪደክም ለእናቷ ስታሳያት፣ ታውቅ ነበር። የቀራት ድምፅ ያ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ በእሱ ለኔ ዋሸችልኝ።

ጓዳ ውስጥ አለቃ ብርጭቆ ሲፈልጉ፣ ቧንቧውን ሲከፍቱ ይሰማኝ ነበር። ዝርዝሩን አውጥቼ አየሁት፤ አንድ ስም ይቀረዋል። ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ክዳኑን አነሳሁ። ከረጢት ውስጥ አልመለስኩትም፣ በእጄ እንደያዝኩት፣ ቋጠሮው ወደ ላይ ሆኖ። ውሃው እየሞላ ነበር። ወጣሁ።